አውሬን በካርታ መፈለግ፦ ከጅቡቲ ከተማ የተነሣ ዳሰሳ

በጅቡቲ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ከከተማዋ ጠመንጃ አንግቶ ወደ ጎዳ ተራራ ወይም ወደ አሊ ሳቢህ ኮረብቶች የሚወጣ ሰው ወንጀል ሊሠራ ነው የሚወጣው። የአዳኙ ዋና ጥበብ ግን አልጠፋም። አውሬው የት ውሎ የት እንደሚያድር፣ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ፣ በየትኛው ሸለቆ አቋርጦ እንደሚያልፍ አስቀድሞ የማወቅ ጥበብ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቶ በሌሎች ሰዎች እጅ ይገኛል። ወፍ ቆጣሪው ይሠራበታል፤ ዓሣ አስጋሪው፣ አስጎብኚው፣ በአፋር ሜዳ ከብት የሚነዳው አርብቶ አደርም እንዲሁ። መሣሪያው በየዓመቱ እየረከሰና እየተሻለ ሲሄድ አውሬው እየተመናመነ ነው። ስለዚህ የዘርፉ ትልቁ ጉዳይ ቦታውን ማግኘት መሆኑ ቀርቷል፤ የተገኘው ቦታ ለማን ይነገራል የሚለው ሆኗል።

ጅቡቲ ለአዳኞች እንግዳ አይደለችም። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለአደንና ለሙዚየም ናሙና የሚመጡ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ከመርከብ የሚወርዱት በዚህ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የላከው ቡድን ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚህ ሰዎች የያዙት ካርታ ብዙ ባዶ ቦታ ነበረው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አፋር ምድር ሲወርድ ከተነሣባቸው ዓላማዎች አንዱ የአዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ታጁራ ላይ ከባሕሩ ዳር ወጣ። በመንገዱ ሁሉ እያደነ፣ ወፍ እየሰበሰበ ነው የሄደው። የመራው ካርታ አልነበረም፤ ውኃውን የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው የመሩት። ዛሬ አቤ ሐይቅን ማንም ሰው ጣቱን ስክሪን ላይ አሳርፎ ያገኘዋል። ጭው ባለው ሜዳ ላይ የትኛው ጉድጓድ በሰኔ እንደሚደርቅ ግን አሁንም የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት የተመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2 ቀን 2000 ቆመ። በአንድ ሌሊት የማንኛውም ሰው መሣሪያ ዐሥር እጥፍ ያህል ተሻለ፤ ዛሬ ገላጣ ሰማይ ሥር የቆመ ተራ ስልክ ያለበትን ቦታ አምስት ሜትር ገደማ በሆነ ስሕተት ይናገራል። አምስት ሜትር ማለት የአንዲት ቆቅ ጎጆ ካለበት ቁጥቋጦ አጠገብ ለመድረስ የሚበቃ ነው።

ይህ ሁሉ ትክክለኛነት በአንድ ግድየለሽነት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ጅቡቲ ከተማ በ11 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። ይህን ቁጥር ስልኩ ላይ 11.35 ብሎ የጻፈ ሰው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ትክክለኛው 11.58 ነው። የአብዛኛው ሰው ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ሁለተኛው ስሕተት የረቀቀ ነው። የድሮዎቹ የጅቡቲ ካርታዎች የተሠሩት አያቤሌ ከተባለው የመብራት ማማ ተነሥቶ በተለካ የራሳቸው የልኬት መሠረት ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ የካርታ መሥሪያ ቤት የወረቀት ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን በሚባለው መነሻ ላይ። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ዓለም አቀፍ መሠረት ነው። ከአሮጌ ካርታ ላይ የተነበበ ኮኦርዲኔት ሳይቀየር ወደ ስልክ ሲገባ በጅቡቲ በዐሥር ሜትሮች፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ቦታውን ይስታል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ ለሚፈልግ መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሳተላይት ምስል የአዳኙን ሁለተኛ ዓይን ተክቷል። ላንድሳት ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሣ ቆይቷል፤ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ የሚዞሩት የአውሮፓ ሴንቲኔል ሳተላይቶች ደግሞ በየአምስት ቀኑ ገደማ እያንዳንዷ ነጥብ 10 ሜትር የሆነች ምስል በነጻ ይሰጣሉ። በደረቅ አገር ይህ ብዙ ይናገራል። ዝናብ በጣለ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ያበቀለው ሸለቆ ከድንጋዩ ተለይቶ ይታያል፤ የሜዳ ፍየልም ወደዚያው ይሳባል። ከፍታን የሚያሳየው መረጃ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር ልኬት የተገኘ ነው። በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ መተላለፊያ፣ የጥላ ጎኑን፣ ገደሉን ሁሉ በኮንቱር መስመሮቹ ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን አረንጓዴ ሁሉ ግጦሽ አይደለም። በጅቡቲና በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በምስሉ ላይ ለምለም መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ ሣር የለም። ምስሉን ያመነ ሰው እሾህ ውስጥ ይገባል።

በዚህ መንገድ ከሚፈለጉት እንስሳት ሁሉ ልቤን የሚነካው የጅቡቲ ቆቅ ነው። በዓለም ላይ ከዚህች አገር በቀር የትም የለም። የሚኖረው በጎዳ ተራራ በዴይ ጫካና በማብላ ተራራ ብቻ ሲሆን፣ ከመጥፋት ጫፍ ላይ ከደረሱት ወፎች ተርታ ተመድቧል። የዴይ ጫካ ጥድ እኛ በደጋው የምናውቀው ጥድ ነው፤ እዚያ ግን ከቆሙት ዛፎች ብዙዎቹ ደርቀዋል። ወፉ ድብቅ ስለሆነ የሚቆጠረው በማየት ሳይሆን በመስማት ነው። ጎሕ ሲቀድ ቆጣሪው ኮኦርዲኔቷ በተመዘገበች ነጥብ ላይ ይቆማል፣ የሰማውን ጩኸት ይጽፋል፣ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጥቶ እዚያው ላይ ይቆማል። ወፉ ቀነሰ ወይስ ተረፈ የሚለው መልስ የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው። በደቡብ በኩል በድንጋያማ ኮረብታ ላይ የምትኖረው ቤይራ የተባለች ትንሽ የዱር ፍየል መሰል እንስሳም ታሪኳ ይመሳሰላል፤ በጅቡቲ መኖሯ በተመራማሪዎች የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ባሕሩ ሌላ ዓለም ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አሉ፤ ወደ ምዕራብ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይዘረጋል። የቆየው ዓሣ አስጋሪ የድንጋይ ቋጥኙን የሚያገኘው በየብስ ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶችን አስተካክሎ በማየት ነበር፤ ልጁ ግን ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቦ ሌሊትም ይመለስበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ዳርቻ የሚታየው ዌል ሻርክ ግን በቋሚ ነጥብ አይገኝም፤ የሚከተለው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ምግቡን ነው። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ሻርክ የሚለዩት ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ ጀርባ ባለው የነጠብጣብ አቀማመጥ በፎቶ ነው። ጀልባዎች ቦታውን በስልክ ተቀባብለው በአንድ ሻርክ ዙሪያ ሲሰበሰቡ እንስሳው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከባሕሩ በስተሰሜን በባብ ኤል ማንደብ የባሕር መተላለፊያ ላይ በመጸው የሚሻገሩት ንስሮችና ጭልፊቶች ደግሞ ስንት እንደሆኑ የታወቀው በሰው ዓይን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአንድ የመጸው ወቅት ከ240 ሺህ በላይ ተቆጥረዋል። ዛሬ ጀርባቸው ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ ያረፈባቸው ጥንብ አንሳዎች ከቱርክ ተነሥተው እስከ አፋር ያደረጉትን በረራ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሕጋዊ አደን ያለው ከድንበሩ ወዲህ በኢትዮጵያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት አደን የሚፈቀደው በተከለሉ የአደን ቀጣናዎች፣ በፈቃድና በኮታ ብቻ ነው። አዳኙ ብቻውን አይሄድም፤ ሙያተኛ አስጎብኚና ስካውት አብረውት ናቸው። ለውጭ አዳኞች ትልቁ ሕልም በሌላ አገር የሌለው የደጋ አጋዘን ነው። እዚህ ላይ ካርታው ከጠመንጃው ይቀድማል፤ ቀጣናው የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው በኮኦርዲኔት ነው፤ ኮታው የሚወሰነው በቆጠራ ነው። ቆጠራው ደካማ ከሆነ ኮታው ግምት ይሆናል። የአሜሪካው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጋዘኑን መኖሪያ በሳተላይት መረጃ ሞዴል አድርገው የሠሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። በፓርኮች ውስጥ ስካውቶች ስማርት በተባለው ሶፍትዌር የሄዱበትን መንገድ፣ ያገኙትን ወጥመድና የተኩስ ቀለህ ይመዘግባሉ። አደኑን የምደግፈው ገቢው ለአካባቢው ሕዝብ በእውነት ሲደርስ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ካርታ ብቻውን አያረጋግጥም።

ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ያለው ግን የአፋሩ ተሞክሮ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ጠብ የት ተነሣ እየተባባሉ ይጠያየቃሉ፤ የሰሙትን ሳያጣምሙ ለቀጣዩ ማድረስ ግዴታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮጀክት ኮንሰርን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በአፋር ክልል የጀመረው ሥራ ይህን ዕውቀት ከሳተላይት ጋር አገናኘ። ሽማግሌዎቹ የግጦሽ ወሰናቸውን ራሳቸው ሣሉ፤ የሣሉት ላይ በየዐሥር ቀኑ የልምላሜ ምስል ተደርቦ መጣላቸው። ሥራው አድጎ አፍሪስካውት የሚባል የስልክ መተግበሪያ ሆኗል። ይህ ካርታ የሠራው በመጀመሪያ የአገሩ ሰው ዕውቀት ስለገባበት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዳጉ ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ በዳጉ መረጃውን የሚሰጠው ሰው የሚቀበለው ማን እንደሆነ ያያል።

ሎኬሽን ላክልኝ የሚለው ቃል ዛሬ በጋላፊ ድንበር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌርም፣ የሰርግ አዳራሽ የሚፈልግ እንግዳም የሚለው ነው። ለአውሬ ግን አደገኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 በሕንድ ፓና ጥብቅ ደን የአንድ ነብር (ታይገር) የአንገት ጂፒኤስ መረጃ የሚደርስበትን ኢሜይል አንድ ያልታወቀ ሰው ከሌላ ከተማ ሊከፍት ሞክሯል። ቢሳካለት ኖሮ አውሬውን መፈለግ አያስፈልገውም ነበር፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃው ነበር። ከጅቡቲ ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የደካን የእንስሳት መጠለያ ከኮንትሮባንድ የተያዙ አቦ ሸማኔዎችን ያኖራል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ተነጥቀው በባሕር ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሽያጭ ሊሻገሩ የነበሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ንግድ መካከል የአንዲት እናት አቦ ሸማኔ ጎሬ ኮኦርዲኔት ዋጋ አለው። ለዚህ ነው አይናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ የብርቅ እንስሳትን ቦታ 22 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ የሚደብቀው፤ ኢበርድም የአንዳንድ ወፎችን ነጥብ ጭራሽ አያሳይም። በስልክ የተነሣ ፎቶ ግን ቦታውን በራሱ ውስጥ ተሸክሞ ይሄዳል። ወደ ዴይ የሚወጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ማጥፋት አለበት።

ሊገለጥ የሚገባውም አለ። በነጻው የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የጅቡቲ መንደሮችና ምንጮች ስም የሠፈረው በአብዛኛው በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው፤ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ጥቂት ነው። ሰው የሚጠጣውን ጉድጓድ፣ ጥርጊያውን፣ የጤና ጣቢያውን በሚነበብ ስም ማስገባት በመንገድ ላይ ሕይወት ያድናል፤ ሾፌርም አስጎብኚም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። ነጥቡ ሌሊት አውሬ የሚጠጣበት ትንሽ ኩሬ ከሆነ ግን አያስገባው፤ ለአገሩ ሽማግሌና ለፓርኩ ስካውት ብቻ ይንገር።