የታይሮይድ ኪኒናዎን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?



«ዶክተር፣ ኪኒናውን አንድም ቀን ሳላቋርጥ እየወሰድኩ ድካሙና የብርድ ስሜቱ ለምን አልለቀቀኝም?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ብዙዎች የሚጠረጥሩት የመድኃኒቱን መጠን ነው። መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ እሱም ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ሌቮታይሮክሲን፣ አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በበቂ ሁኔታ ማምረት ያቃተውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ነው። መጠኑ በማይክሮግራም የሚለካ፣ እጅግ ጥቂት ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ60 እስከ 80 በመቶው ያህል ነው። ከምግብ ወይም ከቡና ጋር ከተወሰደ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ታዲያ አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ አንድ ቀን ከቁርስ ጋር የሚወስድ ሰው ኪኒናው አንድ ዓይነት ቢሆንም ሰውነቱ የሚያገኘው መጠን ግን በየቀኑ ይለያያል ማለት ነው።

ጠዋት ለሚወስዱ

ከእንቅልፍ እንደተነሱ በውኃ ብቻ ይዋጡት። ከዚያ ቁርስ እስኪበሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 1 ሰዓት ይቆዩ። ቡናም ይጠብቃል! «ስኳርም ወተትም የለውም፣ ጥቁር ቡና ነው» ቢሉም ያው ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ተልባ ወይም አብሽ የመጠጣት ልማድ ካለዎት እሱንም እንደ ምግብ ይቁጠሩት።

ማታ ለሚወስዱ

ጠዋት ጥድፊያ የሚበዛባችሁ፣ ወይም ያለ ቡና ዓይናችሁ የማይገለጥ፣ ማታ ከመተኛት በፊት መውሰድም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት፣ በመኝታ ሰዓት የወሰዱ ሕሙማን የደም ምርመራ ውጤታቸው ጠዋት ከወሰዱበት ጊዜ የተሻለ እንደነበር አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታው ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ማለፍ አለበት። እራት 1 ሰዓት ላይ ከበሉ፣ ኪኒናው 4 ሰዓት ላይ ይሆናል። በመሃል መክሰስ የለም።

በጾም ወቅትስ?

እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳይቀምሱ የሚጾሙ አንዳንድ ሰዎች ኪኒናውን ጾሙን ሲፈቱ ከምግብ ጋር ይውጡታል። ሌሎች ጾሙ እስኪያልቅ ጭራሽ ያቆሙታል። ሁለቱም አይሆንም። የመኝታ ሰዓቱ ለዚህ ጊዜ የተመቸ ነው። በረመዳንም እንዲሁ፤ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ወይም ከሱሁር በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ተነስቶ መውሰድ ይቻላል።

4 ሰዓት መራራቅ ያለባቸው

የአይረን (የደም ማነስ) ኪኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ሽሮፖች ሆርሞኑን ሆድ ውስጥ ይይዙታል። በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

እርጉዝ እናቶች፣ ይህቺ በተለይ ለእናንተ ናት። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የጽንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። በክትትል ላይ የሚሰጣችሁን አይረን ከታይሮይድ ኪኒናው ጋር አንድ ላይ አትዋጡት። አንዱ ጠዋት ከሆነ ሌላው ከምሳ በኋላ ይሁን። በእርግዝና ጊዜ የሆርሞን ፍላጎት ስለሚጨምር፣ ማርገዛችሁን እንዳወቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱን ግን በፍጹም አታቋርጡ።

ብረሳውስ?

አትደንግጡ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በዚያው ቀን ካስታወሱ ሆድዎ ባዶ ሲሆን ይውሰዱት። በማግስቱ ካስታወሱ ደግሞ የዕለቱን ብቻ ይውሰዱ፣ አይደርቡ።

ሰዓት ከመቀየርዎ በፊት

ሐኪምዎን ያማክሩ። ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የቲኤስኤች ምርመራ ያስፈልጋል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከቁርስ ጋር እየወሰደ መጠኑ የተጨመረለት ሰው፣ ድንገት በባዶ ሆድ መውሰድ ሲጀምር መድኃኒቱ ሊበዛበት ይችላል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ከታየብዎ ቶሎ ይታዩ።

ሲጠቃለል፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሰዓት እርስዎ በየቀኑ ሳያዛንፉ በባዶ ሆድ ሊይዙት የሚችሉት ሰዓት ነው። ጠዋትም ይሁን ማታ፣ አንዱን መርጠው ይጽኑበት። በቀጣዩ ቀጠሮዎም ስንት ሰዓት ላይ እና ከምን ጋር እንደሚወስዱት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ባይጠየቁም!

ይህን ኪኒን ለሚወስድ ወዳጅዎ ያጋሩት። መልካም ጤና!