የኮምፒዩተር ሞኒተር መጠንና ሬዞሉሽን

የኮምፒዩተር ሞኒተር መጠንና ሬዞሉሽን አንድ ስክሪን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና በላዩ የሚታየው ጽሑፍና ምስል ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚወጣ የሚወስኑ ሁለት መለኪያዎች ናቸው። መጠን የሚለካው በኢንች ሲሆን ሬዞሉሽን ደግሞ በፒክስል ብዛት ይገለጻል። በገበያ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ዓይን የሚያየው ግን ጥምረታቸውን ነው። በዚህ ምክንያት ትልቅ ሞኒተር ሁልጊዜ የተሻለ አይሆንም፤ ብዙ ፒክስል ያለውም ለሁሉም ሰው አይጠቅምም። ሞኒተር አንዴ ተገዝቶ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ በምርጫ ጊዜ የተፈጠረ ስህተት በየቀኑ ዓይንን ማድከሙ አይቀርም።

መጠን እንዴት ይለካል

የሞኒተር መጠን ከስክሪኑ አንድ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ የሚለካ ርዝመት ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 24 ኢንች የሚባለው ሞኒተር በሰያፍ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዙሪያው ያለው ፍሬም በልኬቱ ውስጥ አይገባም። በድሮዎቹ ባለ ካቶድ ቱቦ ሞኒተሮች ግን የሚጻፈው የቱቦው ልክ ስለነበር በፍሬም የተሸፈነው ጠርዝም ይቆጠር ነበር፤ የሚታየው ክፍል ከተጻፈው ቁጥር ያንስ ነበር።

ሰያፉ ብቻውን የስክሪኑን ስፋት አይናገርም። የወርድና የቁመት ጥምርታም መታወቅ አለበት። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ሞኒተሮች ጥምርታቸው 16፡9 ነው። ከዚያ በፊት 4፡3 እና 5፡4 የተለመዱ ነበሩ፤ 16፡10 እና በጣም ሰፊው 21፡9 ደግሞ ዛሬም ይገኛሉ። ለምሳሌ 19 ኢንች የሆኑ ሁለት ሞኒተሮችን እንውሰድ። የ5፡4ቱ ወርድ 37.7 ቁመቱ 30.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የ16፡9ኙ ወርድ 42.1 ቁመቱ 23.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ቢሆንም የቀድሞው ስክሪን በስፋት 14 በመቶ ያህል ይበልጣል። ረጅም ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ቁመት ጠቃሚ ነው፤ ፊልም ለሚያይ ወይም ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ለሚከፍት ደግሞ ወርድ ይሻላል።

ሬዞሉሽን

ስክሪን ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። ሬዞሉሽን በወርድና በቁመት ስንት ፒክስል እንዳለ ይገልጻል። በብዛት የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው፦

• 1366 × 768፦ በርካሽና በቆዩ ላፕቶፖች የተለመደ፤ 1 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል
• 1920 × 1080 (ፉል ኤችዲ)፦ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል
• 2560 × 1440 (ኳድ ኤችዲ)፦ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል
• 3840 × 2160 (ፎር ኬ)፦ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል

ጠፍጣፋ ሞኒተር የተሠራበት የራሱ ቋሚ ሬዞሉሽን አለው። ኮምፒዩተሩ ከዚህ የተለየ ሬዞሉሽን ከላከ ምስሉ በግድ ተለጥጦ ወይም ተጨምቆ ስለሚታይ ፊደሎች ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ጽሑፍ አነሰ ተብሎ ሬዞሉሽንን መቀነስ ትክክለኛ መፍትሔ አይደለም፤ ከታች እንደተብራራው ጽሑፉን ራሱን ማጉላት ይሻላል።

የፒክስል ጥግግት

መጠንንና ሬዞሉሽንን የሚያገናኘው መለኪያ የፒክስል ጥግግት ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ስንት ፒክስል እንደተደረደረ ያሳያል። የሚሰላውም በፓይታጎረስ ቀመር ነው፦ የወርዱና የቁመቱ ፒክስሎች በየራሳቸው ስኩዌር ሆነው ይደመራሉ፤ የድምሩ ስኩዌር ሩት በኢንች መጠኑ ይካፈላል። ለ24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር ስሌቱ √(1920² + 1080²) ÷ 24 ≈ 92 ይሆናል።

| መጠን | ሬዞሉሽን | ፒክስል በኢንች | የአንድ ፒክስል ወርድ |
|---|---|---|---|
| 24 ኢንች | 1920 × 1080 | 92 | 0.28 ሚሜ |
| 27 ኢንች | 1920 × 1080 | 82 | 0.31 ሚሜ |
| 27 ኢንች | 2560 × 1440 | 109 | 0.23 ሚሜ |
| 27 ኢንች | 3840 × 2160 | 163 | 0.16 ሚሜ |
| 32 ኢንች | 2560 × 1440 | 92 | 0.28 ሚሜ |
| 32 ኢንች | 3840 × 2160 | 138 | 0.18 ሚሜ |

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው ከ24 ወደ 27 ኢንች ከፍ ብሎ ሬዞሉሽኑን ፉል ኤችዲ ላይ የተወ ሰው አንድም ተጨማሪ ፒክስል አያገኝም፤ ያገኘው ትልልቅ ነጥብ ብቻ ነው። ቴሌቪዥንን በሞኒተርነት ሲጠቀሙበት ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ሬዞሉሽኑ 1366 × 768 የሆነ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በኢንች 49 ፒክስል ብቻ ስላለው፣ ከሦስት ሜትር ርቀት ፊልም ለማየት ቢመችም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ መሰላል ተደራርቦ ይታያል።

ርቀትና ዓይን

ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ክፍተት የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል እንደሆነ በተለምዶ ይወሰዳል። ይህ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የ24 ኢንች ፉል ኤችዲ ፒክስሎች ተለይተው እንዳይታዩ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ለ27 ኢንች ኳድ ኤችዲ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ለ27 ኢንች ፎር ኬ ደግሞ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ በቂ ነው። ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ክንድ በሚያህል ርቀት፣ ማለትም ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የጠረጴዛው ጥልቀት ከሞኒተሩ ዋጋ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። የ32 ኢንች ሞኒተር ወርድ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ጠርዝና ጠርዙን ለማየት ጭንቅላትን ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል።

የአማርኛ ጽሑፍና የፒክስል ጥግግት

የፒክስል ጥግግት ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በፊደል ገበታው ላይ ብዙ ሆሄያት የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት በአናታቸው ላይ ባለ ምልክት ነው። ቢ እና ቤ የሚለያዩት በእግራቸው ሥር ያለው ጭረት ቀጥ በማለቱ ወይም በመጠቅለሉ ነው። «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ቢት» እና «ቤት» የሚለያዩት በዚህችው ምልክት ነው።

መጠኑ 12 ፖይንት የሆነ ፊደል በወረቀት ላይ 4.2 ሚሊ ሜትር ያህል የቁመት ቦታ ይይዛል። ይህን ያህል ቦታ በ27 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ የሚሸፍነው 14 ፒክስል ገደማ ነው፤ በ24 ኢንች ፉል ኤችዲ 15፣ በ27 ኢንች ኳድ ኤችዲ 18፣ በ27 ኢንች ፎር ኬ ደግሞ 27 ገደማ ይሆናል። ፒክስሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ለትንሿ ጭረት አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ይደርሳታል፤ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ አናት ላይ ያለው ምልክትም ከፊደሉ ጋር ይዋሃዳል። በአማርኛ የሚጽፍ፣ የሚያርም ወይም መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከስክሪን ስፋት ይልቅ ጥግግትን ቢያስቀድም ይጠቀማል።

ጽሑፍን ማጉላት

ፒክስሎች በተጠጋጉ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ያንሳል። ዊንዶውስ ማጉያው 100 በመቶ ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 96 ፒክስል እንዳለ አድርጎ ስለሚቆጥር 12 ፖይንት ፊደል ሁልጊዜ 16 ፒክስል ነው። በ27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር ላይ ይህ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ለማንበብ ያስቸግራል። ማጉያው 150 በመቶ ሲደረግ ፊደሉ በ24 ፒክስል ይሳልና 3.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሥራ ቦታው በኳድ ኤችዲ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው፤ ጥራቱ ግን ይበልጣል። በ200 በመቶ ደግሞ የሥራ ቦታው ከፉል ኤችዲ ጋር ይስተካከላል። ከዚህ እንደሚታየው ከፍተኛ ሬዞሉሽን የሚሰጠው ጥቅም ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማየት፣ ወይ ያንኑ ነገር ጥርት አድርጎ ማየት። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋ የቅርብ ነገር ማየት ስለሚከብድ ብዙ አንባቢዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ።

ኮምፒዩተሩና ኬብሉ

ፎር ኬ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ፒክስል ስለያዘ የግራፊክስ ክፍሉ ሥራም በዚያው መጠን ይጨምራል። ለጽሑፍ ሥራ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ለቪዲዮ ጨዋታ ግን ወሳኝ ነው። የኮምፒዩተሩ መውጫም መታየት አለበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎር ኬን የሚያስተላልፈው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመዳፊቱ ቀስት ሲንቀሳቀስ የሚጎተት ይመስላል። ኤችዲኤምአይ 2.0 እና ዲስፕሌይፖርት 1.2 በሰከንድ 60 ጊዜ ያስተላልፋሉ። የቆየው ቪጂኤ በአናሎግ ስለሚሠራ በከፍተኛ ሬዞሉሽን ምስሉን ሊያደበዝዝ ይችላል።

እንደ ሥራው መምረጥ

• ለትምህርት፣ ለቢሮ ሥራና ለተመጠነ ገንዘብ፦ ከ22 እስከ 24 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ። በጠባብ ጠረጴዛ ላይም ይመቻል።
• ለፕሮግራም ጽሑፍ፣ ለሂሳብ ሠንጠረዥና ረጅም ሰዓት ለማንበብ፦ 27 ኢንች፣ ኳድ ኤችዲ። ብዙውን ጊዜ ያለ ማጉያ ይነበባል።
• ለፎቶግራፍ፣ ለገጽ ቅንብርና ለሕትመት ዝግጅት፦ 27 ወይም 32 ኢንች፣ ፎር ኬ።
• ለጨዋታ፦ ሬዞሉሽኑ ከግራፊክስ ካርዱ አቅም ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ካርዱ ደካማ ከሆነ ፉል ኤችዲ ይሻላል።

ያገለገለ ሞኒተር ሲገዛ በጀርባው ካለው የሞዴል ቁጥር ቋሚ ሬዞሉሽኑን ማረጋገጥ፣ ስክሪኑን በሜትር መለካትና ነጭና ጥቁር ገጽ ከፍቶ የሞቱ ፒክስሎች መኖራቸውን ማየት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ገዢው በሚቀመጥበት ርቀት ተቀምጦ፣ በሚያነብበት ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ከፍቶ ማንበብ አለበት። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ቢ እና ቤን ሳይጠጋ መለየት ካልቻለ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የኢንች ቁጥር ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ሞኒተሩ ለሥራው አይሆነውም።