የኤድዋርድ ሊር «የዋዛ መጽሐፍ»

«የዋዛ መጽሐፍ» እ.ኤ.አ. በ1846 ለንደን ውስጥ የታተመ፣ አጫጭር አስቂኝ ግጥሞችን ከነሥዕሎቻቸው የያዘ መድበል ነው። ገጣሚውም ሠዓሊውም እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሊር ነው። የመጀመሪያው እትም ላይ ግን ስሙ አልሰፈረም፤ መጽሐፉ የወጣው «ዴሪ ዳውን ዴሪ» በሚል የብዕር ስም ነበር።

ሊር እ.ኤ.አ. በ1812 ተወለደ። ከብዙ ልጆች መሐል የመጨረሻ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነበርና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አን ናት። ከልጅነቱ የጀመረውን የሚጥል በሽታ ዕድሜ ልኩን ከሰው ደብቆ ኖሯል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው በሥዕል ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። በለንደን የእንስሳት ማኅበር ግቢ በቀቀኖችን በአካል እያየ ሣለና 42 ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ አወጣ። በኋላ የደርቢ ኧርል የሆኑት ባላባት ይህን ችሎታውን ተመልክተው፣ ሊቨርፑል አጠገብ በሚገኘው ኖውስሊ በተባለው ርስታቸው ያሰባሰቧቸውን እንስሳት እንዲሥል ጠሩት። ግጥሞቹ የተወለዱት እዚያ ነው። ሊር ከሥራው ሲያርፍ ለባላባቱ ቤተሰብ ልጆች እየገጠመና እየሣለ ያጫውታቸው ነበር።

እያንዳንዱ ግጥም ዛሬ ሊምሪክ በሚባለው ቅርጽ የተሠራ ነው። በአምስት ስንኝ ሲጻፍ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው በአንድ ቤት ይመታሉ፤ አጠር ያሉት ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ በሌላ። መጀመሪያ አንድ ሰው ከነአገሩ ይጠራል፣ ቀጥሎ እንግዳ ጠባዩ ይነገራል። የሊር መዝጊያ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ስንኝ ቃል መልሶ ያመጣል። ቅርጹን እርሱ አልፈጠረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መግቢያ ለልጆች በታተሙ ግጥሞች ውስጥ አግኝቶት ነው። ሥዕሉም ጌጥ ብቻ አይደለም። ስንኙ ወፎች በአንድ ሽማግሌ ጺም ውስጥ ጎጆ እንደሠሩ ሲናገር፣ ጉዱን የሚያሳየው ሥዕሉ ነው።

በዚያ ዘመን ለእንግሊዝ ልጆች የሚቀርበው ግጥም በአብዛኛው ታዛዡን የሚያመሰግን፣ አጥፊውን የሚያስፈራራ ነበር። የሊር ታላቅ ሥራ ይህን መተው ነው። በእርሱ ግጥም ውስጥ ክፉም ደግም ያልሠራ ሰው አፍንጫው ስለረዘመ ወይም ከቁራ ጋር ስለጨፈረ ብቻ ስም የለሽ «ሰዎች» ይከቡታል፤ ይጠይቁታል፣ ይገስጹታል፣ አንዳንዴም ይደበድቡታል። እንግሊዛዊው ደራሲ አልደስ ሃክስሊ በእነዚህ «ሰዎች» ውስጥ ከእኛ የተለየውን የማይታገሥ የማኅበረሰብ ድምፅ አይቷል፤ ትክክልም ነው። ልጅ በአፍንጫው ርዝመት ይስቃል። በጎረቤት አስተያየት ተሳቅቆ የኖረ አዋቂ ደግሞ ራሱን ያገኝበታል።

የሰፋው ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1861 በሊር ስም ወጣ፤ 112 ግጥሞችም ነበሩት። በመታሰቢያ ገጹ ላይ መጽሐፉን ለኧርሉ የልጅ ልጅ ልጆችና ለዘመዶቻቸው ሲያበረክት፣ አብዛኞቹ ግጥሞች መጀመሪያ የተገጠሙት ለወላጆቻቸው እንደነበር ገልጿል። በዚያው ሰሞን መብቱን በ125 ፓውንድ ሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ከመታተሙ ጥቅም ያገኘው አሳታሚው ነበር።

ስሙ ከታወቀም በኋላ ያላመኑ ነበሩ። ሊር ራሱ እንደተረከው፣ በባቡር ሲጓዝ አንድ አዛውንት ኤድዋርድ ሊር የሚባል ሰው የለም፣ የመጽሐፉ ባለቤት የደርቢው ኧርል ናቸው ብለው ሲያስረዱ ሰማ። ማስረጃቸው የኧርሉ ስም ኤድዋርድ መሆኑና «ሊር» የሚጻፍባቸው አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሲገለባበጡ «ኧርል» መሆናቸው ነበር። ሊር ባርኔጣው ውስጥ የተጻፈውን ስሙን አሳይቶ መኖሩን አረጋገጠላቸው።

በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ያሳተማቸው መድበሎች ረዘም ያሉ ግጥሞችን ያዙ፤ በእነርሱ ውስጥ ሳቁ ከናፍቆትና ከብቸኝነት ጋር ይቀላቀላል። ሊር እ.ኤ.አ. በ1888 ጣሊያን ውስጥ ሳንሬሞ ላይ አረፈ። ግጥምና ሥዕልን በአንድ እጅ የማቅረቡን ልማድ ከተከተሉት መካከል አሜሪካዊው ሼል ሲልቨርስቲን ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግጥም መድበሉ፣ እንደ ሊር ሁሉ፣ ገጣሚው ራሱ የሣለው ነው።