ከካርቦን የሚፈተል ባትሪ

በ1967 ጃፓን ውስጥ አንድ ተመራማሪ አሲታይሊን ጋዝን ወደ ፖሊመር ለመቀየር የሚጨመረውን ማፋጠኛ በስህተት ከሚገባው ሺህ እጥፍ አብልጦ ጨመረ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥቁር ዱቄት ሲጠበቅ፣ ከዕቃው ውስጥ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ወጣ። ኬሚስቱ ሂደኪ ሺራካዋ የተበላሸ ነው ብለው አልጣሉትም። አሥር ዓመት ቆይተው፣ ከአለን ማክዳያርሚድና ከአለን ሂገር ጋር ሆነው ሽፋኑን ለአዮዲን ጭስ ሲያጋልጡት ኤሌክትሪክ እንደ ብረት አስተላለፈ። በ2000 ሦስቱም የኬሚስትሪ ኖቤልን ወሰዱ።

ይህን የማነሳው ዛሬ በየኪሳችን ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲጸነስ ይኸው ፖሊአሲታይሊን የተባለ ፕላስቲክ ስለነበረበት ነው። አኪራ ዮሺኖ በ1983 አሳሂ ካሴይ ኩባንያ ውስጥ ናሙናውን ሲሠሩ አኖዱ ፖሊአሲታይሊን ነበር፤ ካቶዱ ደግሞ ጆን ጉድኢነፍ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያቀረቡት ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ። ሠራ። ፕላስቲኩ ግን ክብደቱ ቢቀልም ቦታ ይፈጃል፤ ቶሎም ይበላሻል። ዮሺኖ በ1985 በካርቦን ተኩት፣ ሶኒ በ1991 ባትሪውን ለገበያ አቀረበ። ፕላስቲኩ ተሰናበተ፣ ኮባልቱ ሥር ሰደደ።

ከዓለም ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ በእጅ በሚቆፈሩ ጉድጓዶች እንደሚሠሩ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ዘርዝሮ አውጥቷል። እርግጥ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠሩት ባትሪዎች ኮባልትም ኒኬልም የላቸውም፤ ገበያውንም በሰፊው ይዘዋል። ቢሆንም ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ባትሪው ከምን ተሠራ፣ ሲያረጅስ ምን ይሆናል የሚለው የእኛም ጥያቄ ሆኗል። በካርቦን፣ በሃይድሮጅን፣ በኦክስጅንና በናይትሮጅን ብቻ የሚሠራ ኤሌክትሮድ ቢገኝ ጥሬ ዕቃው የትም አለ።

ለምሳሌ ኩይኖንን እንውሰድ። ስድስት ካርቦን የያዘ ቀለበት ነው፤ በሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ አንድ አንድ ኦክስጅን ተጣብቋል። ባትሪው ሲሠራ እያንዳንዱ ኦክስጅን አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ሊቲየም ይቀበላል፤ ቻርጅ ሲደረግ ይመልሳል። አንድ ሞሉ የሚመዝነው 108 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ሲሰላ በግራም 496 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይሆናል። የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ በስሌት 274 ነው፤ በተግባር ደግሞ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ይህን ቁጥር አይቶ ያልጓጓ ኬሚስት ያለ አይመስለኝም።

ጉዱ የሚታየው ባትሪው ሲከፈት ነው። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ሲገባ ነጭ የነበረው መለያያ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ፣ ኩይኖኑ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ማዶ ተሻግሯል። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ኤሌክትሮዱ ባዶ ይቀራል።

ፖሊመር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዶቃ በክር እንደሚሰካ፣ ሞለኪውሎቹን በረጅም ሰንሰለት ላይ መስካት፤ ሰንሰለት ሲረዝም መሟሟት ያቅተዋል። ክሩ ግን ይመዝናል፣ ኤሌክትሮን ደግሞ አይዝም። የኤን ኢ ሲ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2002 ያቀረቡት ፒ ቲ ኤም ኤ የተባለው ፖሊመር ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሥራውን የሚሠራው ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተጣመሩበት አንዲት ነጥብ ነች፤ የቀረው ሁሉ ተሸካሚ ነው። ስለዚህ በግራም ከ111 ሚሊ አምፒር ሰዓት አያልፍም። በምላሹ ቻርጁ እጅግ ፈጣን ነው፣ ቮልቴጁም ወደ 3.6 ይጠጋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚነድፍ ሰው እያንዳንዷን አቶም ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የዚህ ሙያ ውበቱም ለእኔ ይሄ ነው።

አብዛኞቹ ኦርጋኒክ (ካርቦን ላይ የተመሠረቱ) ቁሶች ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ የካርቦን ዱቄት ይደባለቅባቸዋል፤ አንዳንዴ የኤሌክትሮዱን ግማሽ እስኪያክል ድረስ። ይሁንና በብዙ ጥናቶች ላይ የሚጻፈው አቅም ዱቄቱን ሳይጨምር የኦርጋኒኩን ክብደት ብቻ ይዞ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መኪናው የሚሸከመው ሁሉንም ነው።

ክሩን ራሱን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ማድረግስ? በ2012 ግዤጎሽ ሚልቻሬክና ኦሌ ኢንጋናስ ሊግኒንን፣ ማለትም እንጨትን አያይዞ የሚያጸናውን ቡናማ ነገር፣ ፖሊፒሮል ከሚባል አስተላላፊ ፖሊመር ጋር አዋሕደው ኃይል እንደሚያከማች አሳዩ። ሊግኒኑ የተገኘው ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው፤ ሲቀየር ኩይኖን ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሽመልስ አድማሴም ከኢንጋናስ ጋር በሊግኒንና በፖሊፒሮል ኤሌክትሮዶች ላይ ጥናት አሳትመዋል። እነዚህ በውሃማ አሲድ ውስጥ የሚሠሩ እንጂ የሊቲየም ባትሪዎች አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ አንዱ ኃይል ይይዛል፣ ሌላው ያመላልሳል።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሚርቻ ዲንካ የሚመሩት የኤም አይ ቲ ቡድን ክሩን ጭራሽ ትቶ መጣ። ቲ ኤ ኪው ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዞ እንደ ወረቀት ይደራረባል፤ አይሟሟም፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ሴሉሎስና ጎማ ተጨምሮበት ከ2,000 ዙር በላይ ቆይቷል። ላምቦርጊኒ የፈጠራ መብቱን ፈቃድ ወስዷል።

አንድ ጣጣ ግን አብዛኞቹ ጋ አለ። ኮባልት ኦክሳይድ ከፋብሪካ ሲወጣ ሊቲየሙን በሆዱ ይዞ ነው፤ አብዛኛው ኦርጋኒክ ካቶድ ግን ባዶውን ይወለዳል። ሊቲየሙን ማዶ ያለው አኖድ ማምጣት አለበት፤ እሱም ብዙ ጊዜ ንጹሕ የሊቲየም ብረት ሲሆን፣ ቻርጅ በተደረገ ቁጥር መርፌ የመሰለ ነገር እያበቀለ መለያያውን ሊበሳ ይችላል። ሊቲየም ቀድሞ የተሞላባቸው ኩይኖኖች ተሞክረዋል፤ ብዙዎቹ አየር ሲነካቸው ሊቲየሙን ይለቃሉ። ስለዚህ ዛሬም በየቤተ ሙከራው እንዲህ ያለው ኤሌክትሮድ የሚዘጋጀው አየር በማይገባበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ እጅ በወፍራም የጎማ ጓንት ተሰዶ ነው።