የጀርመን የፍሪላንስ ፈቃድ እውነተኛ ዋጋ

ከአዲስ አበባ ሆነው ለውጭ ደንበኛ የሚተረጉሙ፣ ግራፊክስ የሚሠሩና ሶፍትዌር የሚጽፉ ወጣቶች ስለ ጀርመን የፍሪላንስ ፈቃድ ሲያነሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የማመልከቻው ክፍያ ነው። ቪዛው 75 ዩሮ፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ 100 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል። ሰውን የሚያከስረው ግን ይህ ክፍያ አይደለም።

ፈቃዱ የሚሰጠው በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 21 መሠረት ነው። ሕጉ ነፃ ሙያተኛን ከነጋዴ ይለያል። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ጋዜጠኛ፣ አስተርጓሚና ሠዓሊ ነፃ ሙያተኞች ናቸው፤ ምግብ ቤት የሚከፍት ነጋዴ ነው። ነጋዴውን የንግድ ግብር ይመለከተዋል፣ ነፃ ሙያተኛውን አይመለከተውም። ፕሮግራመር ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን አንዳንዴ ያከራክራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የግብር አማካሪ መጠየቅ ይበጃል።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ገብቶ እዚያው ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን አዲስ አበባ ከሚገኘው ኤምባሲ ቪዛውን ይዞ መሄድ አለበት። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ እዚያ ይለወጥልኛል ብሎ መነሳት ገንዘብንም ጊዜንም ማባከን ነው።

ማመልከቻውን የሚያየው ቢሮ በዋናነት የሚመዝነው አመልካቹ ራሱን ማስተዳደር መቻሉን ነው። የሥራ ዕቅድ፣ የገቢ ግምት፣ የጤና መድን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ እንሰጠዋለን የሚሉ ደንበኞች ደብዳቤ ይጠየቃል። ዕድሜው ከ45 በላይ ከሆነ ለጡረታው በቂ ዝግጅት እንዳለው ማሳየት ይኖርበታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ልጅ የሌለው አንድ ፍሪላንሰር ወጪውን ቀንሶ በወር 3,000 ዩሮ ቀረው እንበል። ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ የመድኑን ግማሽ አሠሪው ይሸፍንለት ነበር፤ ፍሪላንሰሩ ግን ሙሉውን ከኪሱ ያወጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2025 በነበረው ምጣኔ በሕዝብ የጤና መድን ከገባ፣ ለጤናና ለእንክብካቤ መድን ወደ 600 ዩሮ ይሄዳል። የገቢ ግብሩ በግርድፍ ስሌት ከ300 ዩሮ በላይ ይሆናል። ቤት ኪራይ ሳይከፈል፣ ለጡረታ አንዲት ሳንቲም ሳትቀመጥ፣ የቀረው 2,000 ዩሮ አካባቢ ነው። 3,000 ዩሮን በዕለቱ የብር ምንዛሪ አባዝቶ የተደሰተ ሰው ሲሶው የማይደርሰውን ገንዘብ ቆጥሯል ማለት ነው።

ለአዲስ መጪ ደግሞ የሕዝብ መድኑ በር ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ ቀድሞ በአውሮፓ መድን ያልነበረው ሰው ወደ ግል መድን ይገፋል። የግል መድን ዋጋውን በዕድሜና በጤና ሁኔታ ይተምናል። ለጉዞ የሚሸጠው ርካሽ መድን ፈቃዱን ለማሳደስ ብዙውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ ወይም ጸሐፊ ከሆነ ግን ለኪነ ጥበብ ሰዎች የተቋቋመው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም የመድኑን ግማሽ ያህል ይሸፍንለታል። ይህን ዕድል ሳያውቁ ለዓመታት ሙሉውን መክፈል ያሳዝናል።

ደንበኛ አንድ ብቻ መሆኑም አደጋ አለው። ሥራው ሁሉ ከአንድ ድርጅት የሚመጣ፣ ሰዓቱንም ድርጅቱ የሚወስንለት ሰው በሕግ ፊት ስውር ተቀጣሪ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ ደንበኛውም ይሸሻል።

ፈቃዱ ሲበዛ ለሦስት ዓመት ነው የሚሰጠው። ሲታደስ የሚታየው በማመልከቻው ላይ የተጻፈው ግምት ሳይሆን የግብር መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው እውነተኛ ገቢ ነው። ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ፣ ቢያንስ ሁለት ደንበኞች በጽሑፍ ሳያረጋግጡላችሁና ለስድስት ወር የሚበቃ ኪራይና መድን ሳትቆጥቡ ያላችሁን ንብረት አትሽጡ።