የወገብ ቀዶ ሕክምና፡ የትኛው መገጣጠሚያ ይታሰር፣ የትኛው ይንቀሳቀስ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የወገብ ሕመም የማያውቀው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። እርፍ ጨብጦ ከጧት እስከ ማታ የሚያርስ ገበሬ፣ በአጨዳ ወቅት ማጭድ ይዞ ጎንበስ ብሎ የሚውል፣ ድንች የሚያወጣ፣ ውኃ በጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት፣ በከተማው ደግሞ ኩንታል የሚሸከም ወጣት ሁሉም ወገባቸውን ይይዛሉ። አብዛኛው ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ሕመሙ ወራትን አልፎ ሲቆይና ምርመራ ሲደረግ ግን ሕመምተኛው “ዲስክህ አልቋል፣ በብሎን ይታሰራል” የሚል ቃል ይሰማል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ “ሰው ሠራሽ ዲስክ ይተከላል” የሚል ሌላ ወሬ ይደርሰዋል። ሁለቱን በአንድ ሰው ወገብ ላይ አጣምሮ የመሥራት ልምድም በዓለም ላይ እየተስፋፋ መጥቷል። በሬ ሸጦ ለሕክምና ከመንቀሳቀስ በፊት የእነዚህን ልዩነት መረዳት ተገቢ ነው።

የወገብ አከርካሪ አምስት አጥንቶች አሉት። ከላይ ወደ ታች ይቆጠራሉ፤ አምስተኛው ከዳሌ ጋር በተያያዘው ሰፊ አጥንት ላይ ያርፋል። በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ውጪው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ለስላሳና ውኃ የያዘ ነው። ቀለበቱ ሲቀደድ የውስጡ ክፍል ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፤ በተለምዶ “የዲስክ መንሸራተት” የሚባለው ይህ ነው። በዕድሜና በሥራ ብዛት ደግሞ ትራሱ ይደርቃል፣ ይሳሳል። ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ከታች ባሉት ሁለት ቦታዎች፣ ማለትም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል እንዲሁም በአምስተኛውና በዳሌው አጥንት መካከል ነው። የሰውነት ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ለአራሽ ሰው ነገሩን በማረሻ መግለጥ ይቀላል። ሞፈርና ቀንበር በምራን ሲታሰሩ ትንሽ መወዛወዝ ይፈቀድላቸዋል፤ በሬዎቹ ሲዞሩ ካልተወዛወዘ ሞፈሩ ይሰበራል። በወገል ጠብቆ የታሰረው ክፍል ግን ከላላ እርሻው ይበላሻል። ወገብም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ ሌላው ጽናት ይፈልጋል።

አጥንትን ከአጥንት አጋጥሞ አንድ የማድረጉ ቀዶ ሕክምና ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.አ.አ በ1911 በኒው ዮርክ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ አስተዋወቁት፤ በዋናነት ይታከምበት የነበረውም በሳንባ ነቀርሳ የተጠቃ አከርካሪ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ የተበላሸውን ዲስክ አውጥቶ በቦታው አጥንት ይሞላል፤ ከዚያም በብሎንና በዘንግ ያስረዋል። ብዙ ሰው ወገቡን ለዘለዓለም የሚይዘው ብረቱ ይመስለዋል። ነገር ግን ብረቱ ሲሚንቶ እስኪደርቅ እንደሚያቆመው ጣውላ ነው፤ ዋናው ሥራ በወራት ውስጥ የሚያድገው አጥንት ነው። አጥንቱ ካልያያዘ ብሎኑ ይላላል ወይም ይሰበራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ያለመያያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ሐኪሞች አስቀድሞ እንዲያቆም አጥብቀው ይመክራሉ።

የዚህ ሕክምና ጉድለት የታሰረው ቦታ ከእንግዲህ አለመታጠፉ ነው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሲታሰር ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ሁለትና ሦስት ሲታሰሩ ግን ጎንበስ ማለት ይከብዳል፤ ከበላይ ያለው ጤነኛ ዲስክም የሌላውን ጫና ይሸከማል። ከዓመታት በኋላ እሱም ተበላሽቶ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ።

ሰው ሠራሽ ዲስክ የታሰበው ይህን ለማስቀረት ነው። በ1960ዎቹ ስዊድናዊው ኡልፍ ፈርንስትሮም የብረት ኳስ በአጥንቶች መካከል አስገብተው ሞክረው ነበር፤ ኳሱ ወደ አጥንቱ እየሰመጠ አስቸገረ። እ.አ.አ በ1984 በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ካሪን ቡትነር ያንስና ኩርት ሼልናክ የነደፉት ዲስክ በሰው ላይ ተተከለ። ሁለት የብረት ሳህኖች በመካከላቸው ለስላሳ ፕላስቲክ ይዘው እንዲንሸራተቱ የተሠራ ነው። ቡትነር ያንስ ራሳቸው እ.አ.አ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ ወርቅ ያገኙ አትሌት ነበሩ፤ የሚታጠፍ ወገብን ዋጋ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሐኪም አይገኝም ነበር ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ዲስክ የፈቀደው ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ እ.አ.አ በ2004 ነው።

ዲስኩ የሚተከለው በጀርባ ሳይሆን በሆድ በኩል ነው። እዚያ ደግሞ ወደ ሁለቱ እግሮች የሚከፈሉት ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ፤ ስለዚህ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚችል ባለሙያ አብሮ መቆም አለበት። ለሁሉም ሰውም አይሆንም። አጥንቱ የሳሳ፣ ከአከርካሪው በስተጀርባ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያረጁበት፣ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ የተንሸራተተበት፣ አከርካሪው የተጣመመ ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ለዚህ አይመረጥም።

ጥምር ቀዶ ሕክምና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ሁለት ዲስኮች ተበላሽተውበት፣ የታችኛው ላይ የኋላ መገጣጠሚያዎቹም አርጅተው፣ የላይኛው ላይ ግን ጤነኛ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የታችኛውን ያስራል፤ በላይኛው ላይ የሚንቀሳቀስ ዲስክ ይተክላል። የታችኛው መገጣጠሚያ በዳሌ አጥንቶች መካከል ተወሽቆ ስለሚገኝ መታሰሩ ያን ያህል አይጎዳም፤ የላይኛው ግን ለመጎንበስ ብዙ ያገለግላል። ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት ይቻላል፤ በዓመታት ልዩነትም ይሠራል።

ለሁለተኛው ዓይነት የታወቀ ምሳሌ አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ታይገር ዉድስ ነው። ቀደም ሲል በወገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እ.አ.አ በሚያዝያ 2017 የታችኛው መገጣጠሚያ ታሰረለት። በ2019 የማስተርስ ውድድርን አሸነፈ። በጥቅምት 2025 ደግሞ ከታሰረው ቦታ በላይ ያለው ዲስክ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ተተካለት። ምሳሌው ሁለት ነገር ያሳያል፦ የታሰረ ወገብ ወደ ከባድ ሥራ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው ጎረቤት ዲስክ ከጉዳት ነፃ አይሆንም።

ነጠላ ዲስክ መተካትን ከማሰር ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በርካታ ናቸው፤ ውጤቱም በትክክል ለተመረጡ ሰዎች መተካቱ ከማሰሩ የማያንስ መሆኑን ያሳያል። ስለ ጥምሩ ያለው ማስረጃ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥምሩን እንደ አዲስና የላቀ ፈውስ አድርጎ የሚያቀርብ ማስታወቂያ ሲያጋጥም በጥንቃቄ ማየት ያሻል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በዋናነት በማሰር ላይ የተመሠረተ ነው። እ.አ.አ በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ተጀምሯል፤ ቀድሞ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ባለሙያዎች በዚህ በዝተዋል። አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስም ለረጅም ዓመታት ጀርባቸው የጎበጠባቸውን ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ጋና እየላኩ በፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ቡድን እንዲታከሙ አድርገዋል። ከእነዚህ ልጆች የብዙዎቹ ጉብጠት መነሻ የአከርካሪ ነቀርሳ ነው።

ይህ ለገጠሩ ነዋሪ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ከወገብ ሕመም ጋር የማታ ላብ፣ ትኩሳትና ክሳት ካለ ነገሩ የዲስክ ላይሆን ይችላል። የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም ብዙዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከብት የሚያረባና ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈው የውርጃ በሽታ ወገብን እንደሚያጠቃ ማወቅ አለበት፤ ለሐኪሙ ከብት እንዳለው መንገር ይገባዋል። በቤተ ልሔም ሌሊቱን በማሕሌት ከሚቆሙት አረጋውያን መካከልም ሲሄድ እግሩ የሚደነዝዝ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ጎንበስ ሲል ግን የሚቀለው ቢኖር፣ ችግሩ የነርቭ መተላለፊያው መጥበብ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚፈልገው በብዛት መተላለፊያውን ማስፋት እንጂ ዲስክ መተካት አይደለም።

ሽንት መሽናት ያቃተው ወይም ያመለጠው፣ በመቀመጫና በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ እግሩ በድንገት የዛለ ሰው ግን የሚጠብቀው ሳምንት የለም። በዚያው ቀን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሪፈር እንዲጻፍለት መጠየቅ አለበት። ነርቭ ለሰዓታት በተጫነ ቁጥር የመመለስ ተስፋው ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ጉዳት ያስከትላል።

ቀዶ ሕክምና የተወሰነለት ሰው ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባው ስንት መገጣጠሚያ እንደሚነካ፣ ለምን እንደሚታሰር ወይም እንደሚተካ፣ ሳይሠራ ቢቀር ምን እንደሚሆን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል ከሆነ ብሎኑና ዘንጉ በመድኅኑ መሸፈን አለመሸፈኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ጊዜውንም ከእርሻው ጋር ያገናዝብ፤ ወገቡ የታሰረ ሰው ለወራት ማረስም ሆነ ኩንታል ማንሳት ስለማይፈቀድለት፣ በግንቦት የተሠራለት ገበሬ የክረምቱን እርሻ የሚያርስለት ሰው ያስፈልገዋል። ሲወጣም የተተከለለት ዕቃ ስምና ዓይነት የተጻፈበትን ወረቀት ከራጅና ከኤምአርአይ ፊልሙ ጋር ያስቀምጥ። ከዓመታት በኋላ ወገቡን የሚያየው ሌላ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው።