ጐማውን ማን በላው?

አንድ ወዳጅ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። እርሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ በብድርና በእናቱ ዕቁብ ታግዞ አንዲት አሮጌ ቪትስ ገዝቷል። መኪናዪቱን እንደ ታናሽ እኅቱ ይሳሳላታል። እሑድ እሑድ ያጥባታል፤ ዘይቷን በጊዜው ይለውጣል፤ ልጆች እንኳ ተደግፈዋት እንዲቆሙ አይወድም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ የፊት ጐማዎቿን ሁለት ጊዜ ለወጠ። ሦስተኛው ጥንድ በተገዛ በአምስተኛው ወር ደግሞ የቀኙ ጐማ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ታየ።

ታየ ማለት እንኳ ይከብዳል። ጐማው ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ደኅና ነበርና። የተበላው ወደ መኪናዪቱ ሆድ በሚዞረው ጠርዝ ስለ ሆነ፣ መሪውን እስከ ዳር አዙሮ ጐንበስ ብሎ ካላዩት አይታይም። ወዳጄ ያወቀው በአጋጣሚ ነው። በማግሥቱ እናቱን ይዞ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ሊወርድ አስቦ፣ ነፋስ ሊያስሞላ ጐሚስታ ዘንድ ቢቆም፣ ልጁ እጁን በጐማው ላይ ሲያሳልፍ ጣቱን ሽቦ ወጋው። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ላይ የፊት ጐማ ቢፈነዳ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያሻም። ጉዞው ቀረ። እናቱ ተቆጡ። ወዳጄም በዚያው ማታ እኔ ዘንድ መጣ።

«አላይመንት አላሠራህም?» አልሁት።

«ሦስት ጊዜ!» አለና ሦስት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። ከመድን ወረቀቱ ጋር ተጣጥፈው በመኪናዪቱ መሳቢያ ውስጥ የኖሩ ናቸው። አንብቧቸው እንደ ሆነ ብጠይቀው ሣቀ። «ምኑ ይነበባል? ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የቀረው ቁጥር ነው። ብቻ ‹አልቋል› ብለውኛል፤ ከፍያለሁ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ሌሊት ከእርሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ከፍሎ የተቀበለውን ሰነድ ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ መክተት በቢሮ ለሚውል ሰው ነውር መስሎ ስለ ታየኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቅና ሳነብ ቆየሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ አላይመንትንና ባላንስን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው። ባላንስ የጐማው ክብደት በዙሪያው ሁሉ እኩል እንዲሆን በቸርኬው ላይ ትንንሽ ብረት መለጠፍ ነው። በሰዓት ሰማንያ ወይም መቶ ኪሎ ሜትር ላይ መሪው በእጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ባላንሱ ነው። አላይመንት ግን አራቱ ጐማዎች በመሬቱና በእርስ በርሳቸው ፊት እንዴት እንደ ቆሙ መለካት፣ የሚስተካከለውንም ማስተካከል ነው። ይህ ጣጣ ከአውቶሞቢል በፊት የነበረ ነው። ሰረገላ ሲታጠፍ የውስጠኛው መንኰራኵር ከውጭኛው ይበልጥ እንዲዞር የሚያደርገውን ብልሃት ያገኘው ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሰረገላ ሠሪ ነበር፤ በ1818 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ላይ ያስመዘገበለት ወኪሉ አከርማን ነው። ታዲያ ብልሃቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በወኪሉ ስም ነው። ሥራውን አንዱ ሠርቶ ስሙን ሌላው መውሰዱ በመሥሪያ ቤት ላሉ አንባቢዎቼ እንግዳ ነገር አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በወረቀቱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጐማ የሚበላው ቁጥር ሜካኒኮች «ቶ» የሚሉት ነው። ይኸውም መኪናዪቱን ከሰማይ ቁልቁል የሚመለከታት ቢኖር፣ የፊት ጐማዎቿ አፍንጫ ለአፍንጫ ተቀራርበው ወይም ተራርቀው የሚያይበት ልዩነት ነው። እግሩን ወደ ውስጥ እየረገጠ የሚሄድ ሰው አይታችኋል፤ ወደ ውጭ የሚረግጥም አለ። ነገሩ ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ ሲሆን የመደመር፣ ወደ ውጭ ሲሆን የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል።

ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ግን ትንሽ አይደለም። እያንዳንዱ ጐማ ከቀጥታው መንገድ በዲግሪ ሁለት ዐሥረኛ ብቻ ቢዛነፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቍጥር ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጐን ይጐተታል። (በትምህርት ቤት «ይህ ታንጀንት የሚባለው ለምን ይጠቅመናል?» እያልሁ መምህራችንን አስቸግር ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።) በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እንግዲህ ጐማውን 52 ኪሎ ሜትር ያህል በጐኑ ጐትቶታል ማለት ነው። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ካለው መንገድ ይበልጣል። ጐማን ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ድረስ በአስፋልት ላይ የሚፍቅ ሰው ቶሎ አለቀብኝ ብሎ ማን ላይ ይጮኻል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ማሽን ዲግሪውን በነጥብ ይጽፋል፤ ሌላው በደቂቃ ይጽፋል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 0.30 የተባለው 18 ደቂቃ ሲሆን፣ 0°30′ የተባለው ግን ግማሽ ዲግሪ ነው። ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ «ያው ሠላሳ ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ሁለተኛው ካምበር ነው። ይህ ደግሞ መኪናዪቱን ከፊት ለፊት ቆሞ ሲመለከቱ ጐማው ራሱን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ወደ ውስጥ ካዘነበለ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል፤ ሲበዛም የውስጡን ጠርዝ ይበላል። ሦስተኛው ካስተር ይባላል። ጐማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደ ተጋደመ የሚነግር ቁጥር ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ ያስታውሷል። በራሱ ጐማ አይበላም፤ ነገር ግን መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መካከል የሚመለሰው በእርሱ ኀይል ስለ ሆነ፣ ያነሰ እንደ ሆነ መኪናዪቱ በፍጥነት ስትሄድ ትዋልላለች።

አሁን የወዳጄን ሦስት ወረቀቶች እንግለጥ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ ሳይነካ የተለካው፣ የተፈቀደው ወሰን፣ ከተስተካከለ በኋላ የተለካው። በመጀመሪያው ወረቀት «ቶ» ቀይ ሆኖ ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። በየጊዜው የሚስተካከል ነገር በየጊዜው ተበላሽቶ የሚመጣ እንደ ሆነ፣ የሚያበላሸው ነገር በቦታው አለ ማለት ነው። የቀኙ የፊት ጐማ ካምበር ደግሞ በመጀመሪያው ወረቀት −2°05′ ነበር፤ የተፈቀደው ከ−1°15′ እስከ +0°15′ ነው። «ከተስተካከለ በኋላ» በሚለው ዓምድ ሥር ምን ተጽፏል ቢሉ፣ ያው −2°05′ ነው፤ ቀይ ሆኖ። የግራው ጐማ −0°35′ ነበርና በሁለቱ መካከል አንድ ዲግሪ ተኩል ልዩነት አለ። ሦስቱም ወረቀቶች ይህንኑ እየደጋገሙ ሲጮኹ፣ ወዳጄ መሳቢያውን ዘግቶባቸው ጐማ ይገዛ ነበር።

ሜካኒኮቹ አታለሉት ወይ? እኔ እንደዚያ አልልም። በቪትስና በመሰሎቿ ላይ ከፋብሪካ እንደ ወጣች የሚስተካከለው የፊቱ «ቶ» ብቻ ነው። ካምበሩና ካስተሩ የሚጠመዘዝ ብሎን የላቸውም፤ የኋላውም እንደዚሁ። ከወሰኑ ከወጡ የጐበጠ ወይም ያለቀ ነገር አለ ማለት ነውና መፈለግ ያስፈልጋል። ያንን ግን «ይህ ቀይ ነው፣ እኔ ላስተካክለው አልችልም፣ ምክንያቱ ይፈለግ» ብሎ አንድ ሰው በአፉ ሊነግረው ይገባ ነበር። አልነገሩትም። እርሱም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ጧት ወረቀቶቹን ይዘን ወደ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ሄድን። ማሽን የላቸውም፤ በዚህ ሥራ ግን ፀጉራቸው ነጭቷል። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሲያነብቡ፣ ከሁሉ በፊት ያዩት ማንም የማያስተካክለውን አንድ ቁጥር ነበር፤ መሪው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ጐን የሚያዘነብልበትን። የቀኙና የግራው እኩል ነው። «እንግዲህ ቤቱ ደኅና ነው፤ ምሰሶው ነው የጐበጠው» አሉ። የመኪናዪቱ አካልና የታችኛው ክንድ አልተነኩም፤ የታጠፈው አሞርዛተሩ ነው ማለታቸው ነው። በእንደዚህ ዓይነት መኪና አሞርዛተር ንጥቂያን የሚያበርድ ብቻ አይደለም፤ ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ባወጣው ሥርዓት ጐማውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እርሱ ራሱ ነው።

«ልጄ፣ ጕድጓድ ውስጥ ገብተህ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ወዳጄ አሰበ። መኪናዪቱን በገዛ በሁለተኛው ወር፣ በክረምት፣ ውኃ የሞላበት ጕድጓድ ውስጥ በቀኙ ጐማ እንደ ወደቀ ትዝ አለው። ቸርኬውን አስመትቶ ቀጥ ካስደረገ በኋላ ረስቶታል።

«ታዲያ ጋሼ፣ መሪው ለምን አልጐተተኝም?» አላቸው። ይህ ደኅና ጥያቄ ነበር። መልሱም እንዲህ ነው፦ ካምበሩ እኩል ያልሆነ መኪና ወደ ውስጥ ያላዘነበለው ጐማ ወዳለበት ይስባል፤ የወዳጄ መኪና እንግዲህ ወደ ግራ ልትስብ ይገባት ነበር። ነገር ግን መንገዳችን ውኃ እንዲያወርድ ተብሎ ከመካከል ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ እኛም በቀኝ ስለምንነዳ መንገዱ ወደ ቀኝ ይስባል። ሁለቱ ተጓተው መኪናዪቱ ቀጥ ብላ ስትሄድ ኖረች። ሁለት ጥፋት ተደምሮ ጤና መስሎ ሲታይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያም ሽማግሌው በክሪክ አነሡና ጐማውን በሦስትና በዘጠኝ ሰዓት ቦታ ይዘው ነቀነቁት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። መሪውን ከጐማው ጋር የሚያገናኘው ቴስቲኒ አልቋል። የ«ቶ» ምስጢር እዚህ ላይ ተገለጠ። ማሽኑ የሚለካው የቆመች መኪና ነው፤ ቆማ ሳለች አረንጓዴ ትሆናለች። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን የላላው ነገር ጐማውን ወደ ፈለገበት ይወስደዋል። ስለዚህ በላላ ዕቃ ላይ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ ከመጣል አይለይም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌውን መኪና ብዙ ዓመት ለማኖር የሚያስብ ሰው በዝቷልና፣ ይህች «ቀጭ፣ ቀጭ» ብዙዎችን ሳታሳስብ አትቀርም።

ሁለቱም አሞርዛተሮችና ሁለቱም ቴስቲኒዎች ተለወጡ። ቀጥሎ ወደ ማሽኑ ስንሄድ እኔና ወዳጄ እንደ ተቆጣጣሪ ሆነን ቆምን። የአራቱም ጐማ ነፋስ ሳይለካ እንዳይጀመር አልን፤ ከኋላ የነበረውንም የጤፍ ጆንያ አወረድን፤ ክብደት መኪናዪቱን ዝቅ አድርጎ ቁጥሩን ይለውጣልና። በወረቀቱ ራስ ላይ የተጻፈው የመኪናው ስምና ዓመት የእርስዋ መሆኑን አየን። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፤ በወዳጄ ሁለተኛ ወረቀት ላይ የተመረጠው የሌላ መኪና ስም ነበር። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት አረንጓዴ ቢሆን ምን ይጠቅማል? መሪው መካከል ላይ ሆኖ መታሠሩንም አየን። ድምሩ «ቶ» ትክክል ሆኖ ሳለ ግራና ቀኙ ያልተካፈለ እንደ ሆነ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ጠሞ ይቆማልና። ሠራተኛው ጥያቄያችን ሲበዛበት በመጀመሪያ ፊቱን አጠቈረ። በኋላ ግን ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ወንበር ስቦ በስክሪኑ ላይ እያንዳንዱን እያሳየ ያስረዳን ጀመር።

አራተኛው ወረቀት ወጣ። የቀኙ ካምበር −0°45′፣ የግራው −0°40′፣ «ቶ»ውም ከወሰኑ መካከል ነው። ወዳጄ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚያነብ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ተከታዩ እሑድ አዳማ ወረድን። እናቱ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ገና የክፍያውን በር ሳናልፍ «ወረቀቱን አምጣ» አሉት። ትምህርታቸው ትንሽ ቢሆንም ቀለሙን ያውቃሉ፤ አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ቀይ ያጡ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ እስክንመለስም አልሰጡትም።